ማስቲሽ ያልያዘው ጎማ

ሐምዲያ ሷሊሕ ሥራ የምትጀምረው ሌላው ሰው "ኧረ ይብቃኝ" ብሎ እጁን በሚታጠብበት ሰዓት ነው። ይህን የምለው ላሞግሳት አይደለም። እንዲህ ያለ ጠባይ ለጎረቤት አድካሚ ነው። የእኔ የመለዋወጫ ሱቅና የአባቷ ጎማ ቤት ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በደሴ መንገድ ዳር፣ በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ተለያይተው የቆሙ ናቸው። እሷ በዚያ በኩል መዶሻ ባነሳች ቁጥር በእኔ በኩል መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። "ሐምዲያ፣ ቀስ!" እላለሁ። "እሺ፣ ጋሼ ሞገስ" ትላለች። ቀስ ግን አትልም።

አባቷ ሷሊሕ ጎሚስታ ነው። ቀድሞ የሚሠራው አጣዬ ነበር። በ2013 ከተማው ሲቃጠል የእሱም ቤት አብሮ ነደደ፤ ጎማ ደግሞ አንዴ ከተቀጣጠለ የሚያጠፋው የለም። አንድ ሞረድና አንድ የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ እዚህ መጣ። ከጎኔ ያለውን ባዶ ክፍል ሲከራይ ይህ ሰውዬ በምን ሊሠራ ነው ብዬ ገረመኝ። ኮምፕሬሰር እስኪያገኝ ድረስ ጎማ የሚነፋው በእግር ፓምፕ ነበር፤ የአይሱዙ ጎማ በእግር ፓምፕ መንፋት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ሐምዲያ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ትምህርቷን አቋርጣ ልታግዘው ብትመጣ፣ "ፓምፑ አንድ ነው፤ አንድ እግር ይበቃዋል" ብሎ በመጣችበት ሚኒባስ መለሳት። ግትርነቷ ከየት እንደተወረሰ አሁን ገባችሁ።

ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትሠራ፣ አንድ ቀን ለዕረፍት መጥታ ሳለ፣ ምን እያጠናች እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ሜታሎሲን" አለችኝ።

የሆድ መድኃኒት መሰለኝ።

"ጎማ መሥሪያ ነው፣ ጋሼ። ከጋዝ ጎማ የሚሠራበት።"

"ከጋዝ ጎማ?"

"ከጋዝ ጎማ" አለችና በሱቄ ደጃፍ ባለው የባትሪ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ታስረዳኝ ጀመር። እኔ እስከዚያ ቀን ጎማ ሁሉ ከዛፍ የሚቀዳ ይመስለኝ ነበር። አንዲት የብረት አተም አለች አለችኝ፤ ሙሽራ በሁለት ሚዜዎች መሃል እንደምትቀመጥ በሁለት የካርበን ቀለበቶች መሃል የተቀመጠች። ኢትሊንና ፕሮፒሊን የሚባሉ ጋዞች ወደ እሷ ሲመጡ አንድ በአንድ እየተቀበለች ትቀጣጥላቸዋለች፤ እሷ ራሷ ግን አታልቅም። ጋዝ የነበረው ረጅም ሰንሰለት ይሆናል፣ ሰንሰለቱ ሲበዛና ሲጠላለፍ ጎማ ይሆናል። ያቺ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ናት ሜታሎሲን የምትባለው። ነገሩ ደስ አለኝ፤ ሙሽራ ያለበት ነገር ይገባኛል።

ችግሩ ሙሽራይቱ ቅብጥ ናት። አየር ከነካት አለቀላት፤ እርጥበት ከነካት አለቀላት። የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ደግሞ አየር የማያስገባ ሣጥን አልነበረውም። ሐምዲያ አባቷ ጋ ደወለችና "አባ፣ ቅንጣት የማይተነፍስ ከመነዳሪ ላክልኝ" አለችው። ሷሊሕ ከጎማው ውስጥ ሆኖ አየር የሚይዘውን የከባድ መኪና ከመነዳሪ መርጦ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደማያወጣ አረጋግጦ፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላከላት። ናይትሮጅን ሞላችበትና ጋዙን ከእሱ እየሳበች ሠራች። አልሆነም። ለካ ምርጥ የተባለ ከመነዳሪም በጥቂቱ ይተነፍሳል። ደግማ ሠራች፤ አልሆነም። አስተማሪዋ "ርዕስ ብትቀይሪስ?" አላት። አልቀየረችም። በመጨረሻ ከሌላ ክፍል የናይትሮጅን ሲሊንደር ለምና፣ እያንዳንዱን ቱቦ በገዛ እጇ አጥብቃ፣ ከብርጭቆው ሥር ባቄላ የምታክል ነጭ ነገር አገኘች።

ለዓረፋ ስትመጣ በጥጥ ጠቅልላ ይዛት መጣች። ሷሊሕ ጎተታት፣ አሸተታት፣ ለቀቃት፤ ተመልሳ ተሰበሰበች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ጎማ ናት" አለ። "ግን በዚህ አካሄድ አንድ የባጃጅ ጎማ ለመሥራት ዕድሜሽ አይበቃም።"

አሁን እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቱታዋን ለብሳ ከአባቷ ጋር ጎማ ትፈታለች። እንግዲህ ልነግራችሁ የተነሳሁት በዚህ ዓመት ኩሬው ላይ የሆነውን ነው።

የእናቷ አገር ቀወት ውስጥ፣ በማሽላና በሽንኩርት ማሳ መሃል ያለች መንደር ናት። ገበሬዎቹ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ያጠጣሉ፤ ውሃው ለሁሉም አንድ ጊዜ ስለማይበቃ በተራ ነው። ተራውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባቱ ናቸው፣ አብዱልሃዲ የሚባሉ ሽማግሌ። እሳቸው "ዛሬ የእገሌ ነው" ካሉ አለቀ፤ ዶማ ይዞ የሚከራከር የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት መጥቶ፣ በተራ ያገኙትን ውሃ አጠራቅመው ቆጥበው እንዲያጠጡ ኩሬ ቆፈረላቸው። ለኩሬው ንጣፍ ሁለት ነገር አማረጣቸው፤ ሰማያዊ ፕላስቲክ ወይም ጥቁር የጎማ ሸራ። ገበሬዎቹ ሐምዲያን ጠየቋት።

"ጎማውን" አለች። "ይህ እኔ ያጠናሁት ዓይነት ጎማ ነው። ተራውን ጎማ ፀሐይ የሚሰነጣጥቀው ሰንሰለቱ ላይ ደካማ መጋጠሚያ ስላለ ነው። የዚህኛው ሰንሰለት ግን ደካማ መጋጠሚያ የለውም። የቆላውን ፀሐይ ይችላል።"

አሊዪ የሚባል ገበሬ ብቻ ተቃወመ። አሊዪ "እንዴት አደርክ?" ሲሉት "ማን ተኛ አለህ?" የሚል ሰው ነው። ጥቁር ነገር ውሃ ያፈላል ብሎ ተሟገተና በብዙኃኑ ተሸነፈ። ኩሬው ሁለት በጋ ውሃ ያዘ፤ ሸራው ያን ሁሉ ፀሐይ ችሎ ትናንት የተነጠፈ ይመስል ነበር። አሊዪም ሽንኩርቱን ከእሱ እያጠጣ ዝም አለ፤ አሊዪ ዝም አለ ማለት ደግሞ አመሰገነ ማለት ነው።

በዚህ ዓመት መጋቢት ላይ፣ ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ የተጠማ በሬ የእሾህ አጥሩን ጥሶ ኩሬው ውስጥ ገባ። ተዳፋቱ አንሸራተተው። ልውጣ ብሎ ሲፍጨረጨር በኮቴው ሸራውን ከላይ እስከ ታች ተረተረው። በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ውሃው በተቀደደው በኩል እየሰረገ ነበር። የማን በሬ ነው ብትሉኝ የአሊዪ ነው። አሊዪ ግን ጥፋቱን ጎማው ላይ ደፈደፈው። "ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ በሬዬ ከሩቅ አይቶት ይሸሽ ነበር" አለ። ወሬውን ሰምተን ከሐምዲያ ጋር ልናይ ሄደን ነበር፤ የምጠጣው ውሃ ትን አለኝ።

ሽንኩርት ራስ በሚቋጥርበት ጊዜ ውሃ ካጣ አለቀለት፤ ቅጠሉ ቆሞ ከሥሩ ብይ የምታክል ነገር ይዞ ይቀራል። የመንደሩ የዓመት ልፋት ያ ሽንኩርት ነበር። ጎማውን ያስመረጠቻቸው ሐምዲያ ስለሆነች ዓይን ሁሉ እሷ ላይ አረፈ። "እጠግነዋለሁ" አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ከተማ ስንመለስ ሷሊሕ ሞረዱን፣ ማስቲሹንና ሰፊ የከመነዳሪ ቁራጭ ባጃጅ ላይ ጫነ፤ እኔም የወሬ ጥማቴን ይዤ ከኋላ ተሳፈርኩ። ሷሊሕ ወገቡ ስለማይታጠፍለት ኩሬው ውስጥ የወረደችው እሷ ናት። ከልጅነቷ እንዳየችው ሠራች። የተቀደደውን ዳርና ዳር በሞረድ ፋቀች፤ ጨርቅ በቤንዚን ነክራ ጠረገች፤ ማስቲሽ ቀባች፤ እፍ እያለች አደረቀች፤ ለጠፈች፤ በመዶሻው እጀታ ዳመጠች። ጎማ ቤት ያደገ ሰው ጎማ መጥረጊያ ከቤንዚን ሌላ አያውቅም። ልጣፊው ቁጭ ሲል ያምር ነበር፣ ሷሊሕም ከላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። አብዱልሃዲ ገበሬዎቹን አስማምተው የዚያን ቀን ተራ ለኩሬው አደረጉትና ውሃው ተለቀቀ።

በማግስቱ ስንሄድ ኩሬው ባዶ ነበር። ልጣፊው ከዳር እስከ ዳር ተላጦ እንደ ቅጠል ተጠቅልሏል፤ ማስቲሹ ሸራውን ነክቶት የሚያውቅ አይመስልም። የአንድ ሙሉ ተራ ውሃ መሬት ጠጥቶታል። ማንም አልጮኸባትም፤ ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። አሊዪ ብቻ ኩሬው አፋፍ ላይ ቆሞ እንዲህ አላት፦

"ይህ ጎማሽ ፀሐይ አይነካውም ብለሽ ነበር። ለካ ማስቲሽም አይነካውም!"

በንዴት ልመልስለት አፌን ስከፍት ሐምዲያ ቀደመችኝ።

"ምን አሉ፣ ጋሽ አሊዪ? እስቲ ይድገሙት።"

አሊዪ ነገር የፈለገችው መስሎት ጮክ ብሎ ደገመው። እሷ ግን አልሰማችውም ማለት ይቻላል፤ ዓይኗን ሸራው ላይ ተክላ ቀረች። "እውነትዎን ነው" አለች። "ምክንያቱ አንድ ነው።" ከዚያ ከተቀደደው ጠርዝ ጥቂት ቁራጮች በምላጭ ቆርጣ ኪሷ ከተተችና ባጃጁ ውስጥ ገባች። አሊዪን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳይከራከረው ሲያምነው አየሁት።

በመንገድ ላይ ለሷሊሕና ለእኔ አስረዳችን። ማስቲሽ ጎማን አጥብቆ የሚይዘው ጎማው ላይ የሚያያዝበት መንጠቆ ሲያገኝ ነው። ፀሐይም ተራውን ጎማ የሚነክሰው በዚያው መንጠቆ፣ ቀድሞ ደካማ መጋጠሚያ ባለችው በኩል ነው። ይህን ጎማ ሲሠሩት፣ ሰንሰለቱን ከሰንሰለት የሚያስሩበት መንጠቆ እንዲኖረው ብለው፣ ዳይን የሚባል ሌላ ነገር ከጋዞቹ ጋር በጥቂቱ ይጨምሩበታል፤ በጣም በጥቂቱ። ፋብሪካው ውስጥ ድኝ ገብቶ መንጠቆዎቹን ይዞ ጎማውን ያበስለዋል። ከዚያ በኋላ ለሌላ የሚተርፍ መንጠቆ የለም ለማለት ይቻላል።

"ስለዚህ ፀሐይም የሚነክሰው አጣ፣ ማስቲሻችንም የሚይዘው አጣ" አለች።

ሷሊሕ ግን አልተዋጠለትም። "ሲለጠፍ ይዞ ነበር እኮ! እኔ ዓይን አለኝ። ጨርሶ የማይዝ ቢሆን ስትዳምጪው ነበር የሚለቀው። ጎማ እንዲህ የሚጠቀለለው ከሥሩ ልኩ ሲለወጥ ነው።"

እሷም ይህን ነገር ችላ አላለችውም። ሱቄ ስንደርስ ባንኮኒዬ ላይ የሻይ ብርጭቆዎቼን ደረደረችና አንዱን ውሃ፣ አንዱን ቤንዚን ሞላችበት፤ እኩል የቆረጠቻቸውን ቁራጮች በየብርጭቆው ጣለች። ከምሳ ስንመለስ የውሃው ቁራጭ እንደነበረ ነው። የቤንዚኑን በወረንጦ አውጥታ ከጎኑ ስታስቀምጠው እኔ እንኳ አፌን ያዝኩ። እንደ ራሰ ዳቦ አብጧል።

ሐምዲያ ግንባሯን መታች።

"ቤንዚን! ይህ ጎማ ቤንዚን ይጠጣል! ውሃና ፀሐይ ይችላል፣ ዘይትና ቤንዚን ግን አይችልም ብዬ በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ጽፌያለሁ። ኩሬው ውስጥ ስገባ እጄ ዝም ብሎ ቤንዚኑን አነሳ።" ተነስታ ቆመች። "ጠጥቶ ባበጠበት ለጠፍኩበት። ፀሐይ ቤንዚኑን ሲያወጣው ተመልሶ ተኮማተረና ልጣፊውን ጥሎት ሄደ።"

ሷሊሕ አንገቱን ደፋ። "በቤንዚን መጥረግ ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ።"

"ለሌላው ጎማ ልክ ነው፣ አባ። ለዚህኛው ግን ሌላ ዓይነት እጅ ማውጣት አለብን።"

እንዲህ ብላ ሥራ ጀመረች፤ የእኔም መከራ ከዚያች ሰዓት ጀመረ። መጥረጊያው ቶሎ ተገኘ፤ አልኮል ነው፣ ጎማውን አያሳብጠውም። አልኮል ግዛ ተብሎ መድኃኒት ቤት የተላከው ሷሊሕ ነው። "አስተግፊሩላህ፣ በዚህ ዕድሜዬ!" እያለ ሄዶ፣ ሰው እንዳያየው በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣው። የጠፋው ማጣበቂያው ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ ያለውን ሙጫ ሁሉ ሞከረች። ሁለት ሁለት የሸራ ቁራጭ እያጣበቀች፣ ከታችኛው ቁራጭ ድንጋይ እያሰረች፣ ፀሐይ ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያዬ ጠርዝ ሰቀለቻቸው። ሙጫው በሞቀ ቁጥር ድንጋዩ በር ላይ ካስቀመጥኩት በርሜል ክዳን ላይ ዱብ ይላል። ደንበኞቼ እየዘለሉ ወጡ። አንዱ ሹፌር ሱቁን ሰው እየደበደበው መስሎት ፖሊስ ልጥራ ብሎኝ ነበር።

"ሐምዲያ፣ እረፊ እንጂ!" አልኳት፤ አሁን እውነቴን ተቆጥቼ።

"ሽንኩርቱ እያረፈ አይደለም፣ ጋሼ" አለችኝ።

እንዲያ ሆና ነው፣ መሰላል ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያዬ አቧራ የለበሰ ካርቶን ያየችው። የመኪና የፊት መስታወት ሲገጠም ዙሪያውን የሚደረግ ጥቁር ነገር ነው፤ እንደ ገመድ የተጠቀለለ፣ ሲነኩት እንደ ማስቲካ የሚይዝ። አምጥቼው ማንም ስላልገዛኝ ረስቼው ነበር። ካርቶኑን አንብባ መሰላሉ ላይ እንዳለች ቆመች።

"ቡቲል ነው" አለች። "ከመነዳሪም የሚሠራው ከዚሁ ነው። የኩሬው ጎማ ዘመድ ነው፣ እሱም መንጠቆው ጥቂት ነው። መንጠቆ ከሌለ በዝምድና የሚጣበቅ ነው የሚያስፈልገን!"

ሁለት ቁራጭ በሳሙና አጠበች፣ አደረቀች፣ በአልኮል ጠረገች፣ መሃላቸው ገመዱን አድርጋ ሷሊሕ በብረት ቧንቧ ዳመጠው። ድንጋዩን ሰቀለች። ቀትር ሆነ፤ የሸዋ ሮቢት ቀትር። እኔ ሥራዬን ትቼ በርሜሉን አዳምጥ ነበር። ዱብ የሚል ነገር አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። እሷ ሌላ ድንጋይ ጨመረችበት፣ ያኔም አልመጣም።

የቀረው ውሃ ነው። ልጣፊው ይዞ እንደሆነ የሚታወቀው ኩሬው ሲሞላ ነው፤ ለመሙላት ደግሞ አንድ ሰው ተራውን መስጠት አለበት። ሽንኩርቱ ጫፍ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ተራው በዚያ ሰሞን የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአሊዪ። ውሃውን በቀጥታ ማሳው ላይ ቢለቀው የእሱ ሽንኩርት ይተርፋል፣ የሌላው ይደርቃል። ኩሬው ላይ ለቆት ኩሬው ከያዘ፣ በቁጠባ ለሁሉም እስከሚቀጥለው ተራ ይደርሳል። ካልያዘ ደግሞ መጀመሪያ የሚደርቀው የእሱ ነው። አብዱልሃዲ እንኳ እዚህ ላይ አላዘዙም። "ይህ የሰው ጉሮሮ ነው። ራሱ ይወስን" አሉ።

ቦዩ ዳር፣ ግራሩ ጥላ ሥር ገበሬዎቹ ሁሉ ተቀመጡ። ሐምዲያ መሃላቸው ቆመች። ለምና ታባብላቸዋለች ብዬ ነበር፤ አልለመነችም።

"ባለፈው በቤንዚን የጠረግኩት እኔ ነኝ። ውሃችሁን ያፈሰሰው የእኔ እጅ ነው፤ ጎማው ምንም አላጠፋም" አለች። ከዚያ ከጣሪያዬ ያወረደችውን የተጣበቀ ቁራጭ ለአሊዪ ሰጠችው። "ይሳቡት።"

አሊዪ ሳበው። አልለቀቀም። አንዱን ጫፍ በእግሩ ረግጦ በሁለት እጁ ጎተተው፤ ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ጎማው ተለጠጠ እንጂ የተጣበቀው አልተላቀቀም። ሰዉ ሁሉ ያየዋል። ሷሊሕ ከእኔ አጠገብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ላይ ነው። አሊዪ ቁራጩን እጁ ላይ አገላበጠ።

"በሬው የኔ ነው" አለ በመጨረሻ። "ተራዬን ለኩሬው ሰጥቻለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ማንም ቆሞ የሚያይ አልነበረም። ሴቶቹ የተቀደደውን በሳሙና አጠቡ። ሐምዲያ ከሸራው ትርፍ ጠርዝ ሰፊ ልጣፊ ቆረጠች፣ በአልኮል ጠርጋ እስኪተን ጠበቀች፣ ዙሪያውን ገመዱን ዘርግታ አለበሰችው። ሷሊሕ ከላይ ሆኖ "ከመሃል ወደ ዳር! አየር አታስቀሩ!" እያለ ያዛል። ወንዶቹ ጫማቸውን አውልቀው በተረከዛቸው ዳመጡት፤ ከሁሉ አብዝቶ የረገጠው አሊዪ ነው፣ የተናደደበትን ነገር ሁሉ እዚያ ላይ የተወጣው ይመስለኛል። ሲያበቁ አብዱልሃዲ "ቢስሚላህ" ብለው ውሃውን ለቀቁ።

ውሃው ልጣፊውን አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ሐምዲያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አረፋ ምን ማለት እንደሆነ ጎሚስታ ብቻ ሳይሆን የጎሚስታ ጎረቤትም ያውቃል። ሷሊሕ ያ የማይታጠፍ ወገቡን ይዞ፣ ከነልብሱ፣ ከነጫማው፣ ውሃው ውስጥ ወረደ። ጎንበስ አለ። እጁን ልጣፊው ዙሪያ ቀስ ብሎ አዞረ፣ ከመነዳሪ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው። አረፋው ቀነሰ፤ ከዚያ ቆመ።

"እጥፋቱ ውስጥ የታመቀ አየር ነው!" ብሎ ጮኸ። "ቀዳዳ ቢሆን አያቆምም! ይዟል! ልጄ፣ ይዟል!"

ሐምዲያ ግን ገና አላመነችም። በማግስቱ ጠዋት፣ አብዱልሃዲ ውሃው ዳር የተከሉትን እንጨት አይተው ውሃው ከምልክቱ እንዳልወረደ ሲነግሯት ነው እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጣ ያለቀሰችው። ሰው ሁሉ ፊት፣ ሳታፍር አለቀሰች። እኔም ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ብዬ ዞር አልኩ፤ ነፋስ አልነበረም።

አብዱልሃዲ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። "እንግዲህ ይህ ኩሬ ለልጅ ልጆቻችን ይቆያል" አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ሰው አመስግኗታል፣ ውሃው ይዟል፣ ነገሩ አልቋል። እሷ ግን እንባዋን በቱታዋ እጅጌ ጠርጋ ተነሳች።

"ሸራው ይቆያል። ልጣፊው ግን ሁለት ክረምት ቢይዝ ነው። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም" አለች።

ደስታው ቀዝቀዝ አለ። ሷሊሕ በጎን አየኝ። ገበሬዎቹም ዓይናቸውን ወደ አሊዪ መለሱ፤ ተራውን ሰጥቶ የማሳው ዳር ዳር ከነሥሩ የጠወለገበት እሱ ነውና፣ የመናገር መብቱም የእሱ ነው። አሊዪ የደረቀውን ሽንኩርቱን አየ፣ ኩሬውን አየ። እሱም አጣዬ በተቃጠለች ዓመት ወንድሙ እዚያ የሠራው ቤት ሲነድ ያየ ሰው ነው።

"ሁለት ክረምት?" አለ። "በዚህ አገር ከሁለት ክረምት በላይ ይቆያል ብሎ ቃል የገባልን ማን አለና ነው? ሁለቱን ስጪን። በሦስተኛው እንጨቃጨቃለን።"

ባለተራው እሱ ስለሆነ ከኩሬው ወደ ማሳው የሚወስደውን የቦይ አፍ የሚከፍተው እሱ ነበር። አካፋውን አነሳና ለሐምዲያ አቀበላት። ሁለት ጊዜ ሳበችው፤ አፈሩ ተናደ፣ ውሃውም በአሊዪ ማሳ በኩል ወደ ሽንኩርቱ ገባ።